ሦስተኛው ትንፋሽ

ሚዛኗ እንደ ወትሮዋ ከበሩ መቃን ላይ ሆና ቆጠረቻቸው።

«እንደምን አደራችሁ። ሦስት ናችሁ። ምንታምር ዛሬም ትቆይ።» ቀይ መብራቷ በራ።

ሁለት ነበሩ፤ ትርንጎና ልጇ። ትርንጎ ግን አላረመቻትም። ባሏ አስናቀ ከሞተ ዐሥራ አራት ወሩ ነው። በየማለዳው «ሦስት ናችሁ» መባሉን መጀመሪያ ለመደችው፤ ኋላም ወደደችው። ደግሞስ ቁጥር ማንን ይጎዳል?

የትንፋሽ ሚዛን መዳፍ የምታህል መሣሪያ ናት። የቤተሰቡን ትንፋሽ አድምጣ የማን ሳንባ ደካማ እንደሆነ ትለያለች፤ የሰፈሩን በሽታ ትደምርበታለች፤ ከዚያ ሕፃኑ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ይሂድ ወይ ይቆይ ትላለች። ደረቁ ሳል ደብረ ብርሃን ከገባ ከሁለት ዓመት ወዲህ ሚዛን የሌለው ቤት የለም። በሁሉም ነገር ስለምትገባ ሰዉ «እትዬ ሚዛን» ይላታል።

«እትዬ ሚዛን፣ ደኅና ዋይ» አለቻት ምንታምር። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ከእትዬ ሚዛን ሌላ ጓደኛ የላትም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ በአጥር ቀዳዳ ስሟን ቢጠራት፣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ ተንቀጠቀጠች። የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ሁለት ጊዜ ደውላለች። «ቦታዋን ከሐሙስ በላይ ልይዝላት አልችልም፣ እህቴ። ልጅ ከልጅ ካልዋለ አንደበቱ ይታሰራል።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። ትርንጎ ደክሟታል፤ እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ነው። ልጇን አዝላ ወደ ሥራዋ ወጣች።

ሥራዋ ሚዛን መጠገን ነው። ምንታምርን ከጠረጴዛው ሥር በቁርጥራጭ ሽቦ እያጫወተች ሳለ ጋሽ ተክለወልድ ገቡ። ሚዛናቸውን በሴት ሻሽ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ይቺን ነገረኛ እስቲ እይልኝ። የልጅ ልጄን ዓመት ሙሉ ቤት አሰረችብኝ። እኔ እንደ ፈረስ ነው የምተነፍሰው፤ ልጁም እንደዚያው። እሷ ግን በጄ አትልም።»

«ጆሮዋ አቧራ ይዞት ይሆናል፣ ጋሼ። ቁጭ ይበሉ።»

«ጆሮዋስ ደኅና ነው። ልቧ ነው የደነደነ።»

ትርንጎ ፈታቻት። ጆሮዋ ንጹሕ ነው። ሆዷን ከመመርመሪያው ጋር አገናኝታ የምትመዝነውን አየች። ሁለት ደልዳላ ትንፋሾች አሉ። ሦስተኛው አጭር፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ መጨረሻው ላይ የሚያፏጭ ነው።

«ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ፣ ጋሼ?»

«የለም። ሁለት ነን።»

«አንድ በጣም የደከመ ትንፋሽ ትመዝናለች። መጨረሻ የተሰማው አምና ኅዳር አምስት ቀን ነው።»

ሽማግሌው ሻሹን አጠፉ፤ ዘረጉ፤ እንደገና አጠፉ።

«አልጋነሽ ናት» አሉ። «በአምስት ነው ከቤት የወሰዷት።»

«ስሟን አላስነሡም እንዴ?»

«ተዝካሯን ሳላወጣ? አንቺስ ብትሆኚ?»

የሚዛኗ ሠሪዎች ብልሆች ነበሩ። ያልሰማችውን ሰው መንገድ እንደሄደና እንደሚመለስ እንድታስበው፣ እስኪመጣም በመጨረሻው ትንፋሹ እንድትመዝነው አድርገው ሠሯት። የሞተ ሰው ስም በማግሥቱ የሚነሣ መስሏቸው ነበር። እዚህ ግን ተዝካር ሳይወጣ የማንም ስም ከቤቱ አይነሣም። ሰው መሰብሰብ ከተከለከለ ደግሞ ሁለት ዓመት ሆነ፤ የአንድም ሰው ተዝካር አልወጣም።

መደርደሪያው ላይ «ልጄን አላስወጣ አለች» ተብለው የመጡ ሃያ ሦስት ሚዛኖች ተቀምጠዋል። አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ዐሥራ ዘጠኙ ውስጥ ያው የሚያፏጭ ትንፋሽ አለ። ለካ ከተማው ልጆቹን ቤት የዘጋባቸው ሙታኑን በሽታ እንዳይነካበት ኖሯል።

የራሷን ሚዛን መክፈት አላስፈለጋትም።

«ታሰማለች?» አሉ ጋሽ ተክለወልድ።

«ምኑን?»

«ትንፋሿን።»

«ጥሩ ትንፋሽ አይደለም፣ ጋሼ። ይቅርብዎ።»

«የሷ አይደለም ወይ?»

ከፈተችላቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። ሲበቃቸው ቀና ብለው፣ ጎረቤት እንደሚያረዱ ሁሉ፣ ለሚዛኗ «አርፋለች» አሏት። ሻሹን ግን ሚዛኗ ላይ መልሰው አልጠቀለሉትም፤ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ትርንጎ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገብታ ከበሩ ሥር ቆመች፤ የአስናቀን ስም እንድታነሣም ሚዛኗን አዘዘቻት። ትንፋሹን ግን አልከፈተችም። ያን ቀን አምቡላንስ ሲወስደው በመስኮቱ የሰማችው ይበቃታል። ቀብሩ ላይ ማንም አልቆመም፤ እሷም። ለማንም «ሞተ» ብላ አታውቅም፤ ሰው ሁሉ ሳትነግረው ነው የሰማው።

«አስናቀ መንገድ ሄዷል ወይስ አርፏል?» አለች ሚዛኗ።

ትርንጎ የበሩን መቃን በመዳፏ ያዘች።

«አርፏል።»

ሐሙስ ጠዋት ሚዛኗ ቆጠረቻቸው። «እንደምን አደራችሁ። ሁለት ናችሁ። ሚዛኑ እኩል ነው። ትሂድም ትቆይም ማለት አልችልም፤ የቤቱ ሰው ይወስን።» መብራቷ ቀይም አረንጓዴም ሳይሆን ነጭ ሆነ።

ትርንጎ ተናደደች። ይህን ሁሉ ተናግራ፣ መልሱ ይህ ነው? በሕይወቱ ሳለ ነገር ሲከብድ አስናቀ «እስቲ ትንሽ እንየው» ነበር የሚለው። ዐሥራ አራት ወር ሙሉ እሱ «ትንሽ እንየው» እያለላት፣ እሷ ከመወሰን አርፋ ኖራለች። ቀዩ መብራት ያሰራት መስሏት ነበር፤ ለካ ተደግፋው ነው።

ብትልካት ሳሉ አለ። ብታስቀራት የአጥሩ ቀዳዳ አለ።

«እማዬ፣ ተበላሸች!» አለች ምንታምር። «ሦስት ነን እኮ። ሥሪያት!»

«አልተበላሸችም፣ የኔ ዓለም።»

«አባዬስ?»

ትርንጎ ቁጢጥ ብላ እኩያዋ ሆነች። «አባዬ ሄደ።»

ልጅቷ ነጩን መብራት አየች፤ ቀጥሎ በሩን።

«እኛስ?»

ትርንጎ ጫማዋን አነሣችላት። ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ተረከዟን በግድ አስገባችው።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች በሳሉ ምክንያት ሜዳ ላይ ነበር የሚማሩት። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። መምህርቷ ከበሩ ላይ እጇን ዘረጋች። ምንታምር የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ለቀቀች፤ ትንሿን ጣት መጨረሻ።

ወዲያው አልሮጠችም። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። አንዲት ንፍጧ የተንዠረገገ ልጅ መጥታ፣ ምንም ሳትላት፣ ቀሚሷን ይዛ ጎተተቻት።

የልጆቹ ትንፋሽ በብርዱ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ይወጣል፤ አንዱ ከአንዱ ይቀላቀላል። ትርንጎ አጥሩን ይዛ የልጇን ትንፋሽ ብትፈልግ፣ ብትፈልግ፣ ከሌሎቹ መለየት አቃታት።