ጾመኛ ፊት አይበላም

«ጾመኛ ነኝ» አለ ሀይደር።

ውሸቱን ነበር። ጠዋት እንቁላል በዳቦውን ግጥም አድርጎ በልቶ ነው ከቤት የወጣው። ግን የክፍል ጓደኛው ፊሊጶስ በእረፍት ሰዓት የባቄላ እሸት ፈልፍሎ እስከ አፉ ድረስ አምጥቶለታል፤ ጉርሻ ደግሞ እንዲሁ አይመለስም። ቀኑ ሰኞ ስለሆነ የሱና ጾም ነው ቢል ማንም አይጠራጠረውም።

ፊሊጶስ እጁን ሰበሰበ። «ውይ፣ ሶሪ ወንድሜ! አላወቅኩም እኮ።» ይባስ ብሎ እሱም መብላቱን ተወ። እሸት ፍለጋ የመጣውን ሁሉ «ሂዱ ወዲያ! ጾመኛ ፊት አይበላም» እያለ አባረረ። የተረፈውን በፌስታል ቋጥሮ ሀይደር ቦርሳ ውስጥ ከተተው። «እናቴ ትናንት ከሆሳዕና ያመጣችው ነው። ማታ ስታፈጥር ትበላዋለህ።» ምሳ ሰዓት ላይም ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት አብሮት የትምህርት ቤቱን ግቢ ሲዞር ቆየ።

ሀይደር መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እውነቱን ቢናገር ምን ነበረበት? ባቄላ ሲበላ ቀይ የደም ሴሎቹ ይፈራርሳሉ፤ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ኮካ ይመስላል። ከእናቱ የወረሰው ነው እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስድስተኛ ክፍል እያለ ሆስፒታል ሲተኛ ግን አንዱ «የደም በሽታ አለበት» ብሎ አወራ። ሲመለስ ከእሱ ኮዳ ውሃ የሚጠጣ ጠፋ። እዚህ ትምህርት ቤት ከገባ ወዲህ «ደም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለው የታክሲ ሰልፍ ጋ እንደደረሰ ረሃቡ አላስቆም አላስቀምጥ አለው። ሙዝ ገዛና ግራ ቀኙን አይቶ ገመጠ።

«ሀይደር?»

ፊሊጶስ ከኋላው ቆሟል። ሙዙ ሀይደር ጉንጭ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ሥጋ ቢሆን ይገባኝ ነበር» አለ ፊሊጶስ ቀስ ብሎ። «ባቄላ ግን ሃይማኖት አለው እንዴ? ወይስ የእናቴን እጅ ተጸይፈህ ነው?»

የሀይደር ፊት በሀፍረት ጋለ። «ወላሂ» ሊል ጀመረና ተወው። በጾም የዋሸ ሰው በምን አፉ ይምላል! ፊሊጶስ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ታክሲው ዞረ። አሁን ዝም ካለ ጓደኝነታቸው እዚሁ ማለቁ ነው።

«ፊሊ፣ ቆይ! ደሜ ነው!» ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየው። «ደሜ ባቄላ አይችልም። ከተወለድኩ ጀምሮ ነው። ከበላሁ ሆስፒታል ነው የምገባው።»

አንዲት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሰብስበው ፈንጠር አሉ። ሀይደር አያቸው፤ አንገቱን ደፋ።

«ጎመንስ?» አለ ፊሊጶስ።

«እበላለሁ።»

«ካሮት? ፓፓያ?»

«እበላለሁ። አትክልቱንም ፍራፍሬውንም እበላለሁ። ሽሮ ግን ባቄላ ካለበት አልነካም።»

«እና በገዛ እጄ ላጎርስህ ነበር?» ፊሊጶስ ራሱን ያዘ። «አንተ ጅል! ለምን አትናገርም?»

«አፍሬ ነዋ።»

ሀይደር ፌስታሉን አውጥቶ መለሰለት። እጁ ላይ የቀረውን የተገመጠ ሙዝ አየው። ሊጥለው ነበር። ከዚያ ተወውና ለፊሊጶስ ዘረጋለት።

ፊሊጶስ ከተገመጠበት በኩል ገመጠ።

«ቀኑን ሙሉ በረሃብ ጨረስከኝ እኮ» አለ አፉ ሙሉ እንዳለ። «ጾመኛ ፊት አይበላም ብዬ!»