አምስት ዓመት ያለ ካሳ

እንዳለውን የተዋወቅሁት በደብዳቤ እጦት ነው።

ሞጣ ውስጥ፣ ከጋሽ ሐምዱ የመኪና መለዋወጫ መደብር ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል የኢንሹራንስ ወኪል ቢሮ ናት። ሥራዋን የምሠራው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ኮፒ ቤት ስቀጠር፣ ሰው የሚያስባዛውን ውል ሁሉ ማሽኑ እስኪሞቅ አነበው ነበር፤ ያችን ከታች የምትደበቀውን ደቃቅ ጽሑፍ ጭምር። ጋሽ ሐምዱ አንድ ቀን የገዛ ውላቸው ውስጥ የተደበቀውን ብነግራቸው፣ «ይቺን ልጅ ካልቀጠርኳት ትከሰኛለች» ብለው ወሰዱኝ።

እሱ የመጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። የቢቸና ሞጣ ሚኒባስ ሹፌር። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ጫማው አቧራ አያውቅም። ሊብሬውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«ኢንሹራንስ ልንቀይር ነው፣ እህቴ። የድሮው ኢንሹራንስ ቤት ዋጋ ጨመረብን። መኪናው የአባቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ካሳ ጠይቀን አናውቅም፤ ቅናሹ ይታሰብልን።»

«ማን ይመሰክራል?»

«እኔ።»

«አንተማ ሹፌር ነህ። ሹፌር ሁሉ ዛፉ ነው መጥቶ የገጨኝ ይላል።»

ሳቀ። መሳቁ አናደደኝ፤ ያምርበት ነበር።

«ከድሮው ቤት ደብዳቤ አምጣ። ካሳ አልጠየቁም የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ካመጣህ ቅናሹ ተከትሎህ ይመጣል። ካላመጣህ ከዜሮ ትጀምራለህ።»

«አራት ዓመት ተጠንቅቄ የነዳሁት በአንዲት ወረቀት እጦት ዜሮ ይሆናል?»

«ወረቀት የሌለው ታሪክ ወሬ ነው።»

መጀመሪያ ያመጣው ደብዳቤ ማኅተም አልነበረውም፤ መለስኩት። በሁለተኛው የሰሌዳው አንድ ቁጥር ተሳስቷል፤ መለስኩት። ሦስተኛው እንከን አልነበረውም። ረጅም ሰዓት አገላብጬ አየሁት።

«ቀኑ ደብዝዟል» አልኩ።

«ቀኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ወይንእሸት። አንቺ መዝግቢው ግድ የለም። እኔ ነገ ሌላ ሰበብ ይዤ እመጣለሁ።»

በስሜ ሲጠራኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እስክሪብቶዬን ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሞጣ በገባ ቁጥር ደጃችን ላይ አንድ ጊዜ አጭር ጡሩምባ ይነፋል። የእረፍት ቀኔ ሲሆን ጋቢናውን ለእኔ ይይዝልኛል። እኔ ስኖር መንገዱ እንዳያልቅበት እየሳሳ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበርና ደብረ ወርቅ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ «ሹፌር፣ ሙሽራ ነው ወይስ እንቁላል የጫንከው?» አሉት። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀ። እሱ መንገዱን የሚያይ መሰለ። በመስተዋቱ ውስጥ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነበር።

ማን እንደሆንኩ አልደበቅሁትም። እናቴ ሸዋነሽ ሸክላ ሠሪ ናት። ሞጣ ወጡን የሚሠራው እሷ በሠራችው ድስት ነው፤ እሷን መንገድ ላይ ሲያይ ግን ቡዳ ናት ብሎ ያማትባል። ልጄ ነሽ ያለኝ አባት ስለሌለ መታወቂያዬ ላይ ወይንእሸት ሸዋነሽ ተብሎ ተጽፏል። ይህን ሁሉ ነግሬው ቤታችን ወሰድኩት። በላ። ጨመረ። ሲሄድ እናቴ የበላበትን ሳህን ይዛ ቆመች።

«በላ እኮ» አለችኝ። «ከእጄ በላ።»

በግንቦት አንድ ቀን ተሳፋሪውን መናኸሪያ አራግፎ እየሮጠ መጣ።

«አባቴ እሺ አለ! ሽማግሌ ሊልክ ነው!»

ብድግ ስል ወንበሩ ወደቀ።

«እናቴ ቤት መቼ ይመጣሉ? ጠላ መጥመቅ አለብን።»

የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ማሽከርከር ጀመረ።

«የሚመጡት እዚህ ነው። ጋሽ ሐምዱ አሳዳጊዋ ናቸው ብያለሁ።»

«እናቴስ?»

«አባቴን ታውቂው የለ? ዘር ከልጓም ይስባል የሚል ሰው ነው። የመርጡለ ማርያም ልጅ ናት፣ ወላጆቿ በሕፃንነቷ ነው የሞቱት አልኩት።»

«እናቴን ገደልካት በለኛ።»

«በአፍ ብቻ እኮ ነው፣ ወይንዬ!»

«ተዝካሯንስ መቼ ልታወጣላት አሰብክ? ወይስ እሱም በአፍ ነው?»

«ለሠርጉ ቀን ብቻ ነው። እንደ ጎረቤት ሆነው ይምጡ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያልን...»

ይምጡ አለ። እናቴን በአንቱታ ቀበራት።

«ሂድና ለአባትህ እውነቱን ንገረው» አልኩት። «ከዚያ ከእኔ ጋር ከዜሮ ጀምር።»

«ቁልፉን ይቀማኛል። ባዶ እጄን ምን ይዤ ላግባሽ?»

«ቁልፍ ነው የማገባው አልኩህ?»

ቁልፉ ጣቱ ላይ ነበር። አየው። እኔን አየኝ። ደግሞ ቁልፉን አየው። እኔ ከቁጥር ጋር የምኖር ሰው ነኝ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ፣ እኔን አንድ ጊዜ።

«ተሳፋሪ እየጠበቀህ ነው» አልኩት። ሄደ።

ለእናቴ ስነግራት ጭቃ እያቦካች ነበር። እጇን ሳታነሣ፣ «እንደ ጎረቤት ብሄድ ምን ነበረበት? ከሩቅ ባይሽ ይበቃኝ ነበር» አለችኝ። እሱን ይቅር ብለው እንኳ ይህችን ቃሏን ይቅር አልልለትም።

መስከረም ዞሮ መጣ፤ የሚኒባሱ ውል አለቀ። እንዳለው በሩ ላይ ቆመ። ጣቱ ላይ የእጮኛ ቀለበት አለ፤ ያጫት የቢቸና ልጅ ናት፣ ሰባት ቤት ተቆጥሮላት።

«ወደ ድሮው ቤት ልንመለስ ነው» አለ። «አባቴ ማን እንደሆንሽ ሰምቷል። ወረቀቴ በእሷ እጅ አይለፍ አለ።»

«የድሮው ቤት ደብዳቤ ይጠይቃል።»

«አዎ።»

«ደብዳቤውን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ።»

ጫማውን አየ። ዛሬ አቧራ ነበረበት።

ጋሽ ሐምዱ ወደ ጓዳ ጠርተው አንሾካሾኩልኝ። «ልጄ፣ የጽሕፈት ማሽኑ ተበላሽቷል በይው። ወር ሙሉ ይመላለስ። ቅናሹ ሲቀርባቸው ያን ጊዜ ይገባቸዋል።»

ማሽን ማበላሸትም አያስፈልገኝም ነበር። የሰሌዳውን አንዲት ቁጥር ብስት ይበቃል። ጣቴ የማሽኑ ቁልፍ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ትክክለኛውን መታሁ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ አጭበረበረችን ብለው እንዲያወሩ ዕድል አልሰጣቸውም።

የአባቱን ስም አስቀድሜ፣ «የአቶ ስጦታው ሀብተ ሥላሴ ሚኒባስ፣ እኛ ዘንድ በቆየበት አንድ ዓመትና ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ዓመታት ካሳ አልተጠየቀበትም» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። ከታች ስሜን ልጽፍ ስል እንዳለው ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለ።

«ፊርማ ብቻ አይበቃም?» አለኝ በቀስታ። «ሙሉ ስም... አባቴ ሲያየው...»

ዓይኑን አየሁት። አሁንም ያምራል። ያሳዝናል።

«ስም የሌለው ደብዳቤ ይመለሳል» አልኩት። «የአራት ዓመቱም የአንድ ዓመቱም ዜሮ ይሆንባችኋል። ምረጥ።»

ከጠረጴዛው ቀና አለ። ወይንእሸት ሸዋነሽ ብዬ በጉልህ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተሙን ስሜን እንዳይነካ አድርጌ ከጎኑ መታሁ።

ደብዳቤውን አራት ቦታ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። መኪናው ሲነሣ ጡሩምባ አልነፋም።

እናቴን ለሠርጉ እንደ ጎረቤት እንኳ አልጠራትም። ደብዳቤውን በወሰደ ቀን ግን ከሞጣ እስከ ቢቸና፣ እስከ አባቱ እጅ ድረስ፣ ስሟን ደረቱ ላይ ይዞት ሄደ።