የትርንጎ ጥርስና የዳለቻ ጣሪያ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ብርድ ልብሱን ወደ እግራችሁ ሳቡትና የትርንጎን ነገር ላጫውታችሁ።

ትርንጎ የስድስት ዓመት ልጅ ነች። ቤቷ ግን እንደ እናንተ ቤት አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይሄዳል።

ቤቷ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ ነው። ቀለሟ አመድ ስለሚመስል፣ ልክ እንደ ላም፣ ዳለቻ ብለው ስም አወጡላት።

ዳለቻ ውስጥ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ የእማዬ የስፌት መኪናም አለ። እማዬ የገበያተኛውን ልብስ ትሰፋለች፤ አባዬ የገበያተኛውን ጃንጥላና ራዲዮ ይጠግናል።

አንዱ ገበያ ሲበተን ዳለቻ ወደ ሌላው ገበያ ትነሳለች። ድግድግ፣ ድግድግ፣ ድግድግ።

አንድ ሰኞ፣ ባቲ ገበያ፣ ትርንጎ የበቆሎ እሸት ስትግጥ የፊት ጥርሷ ወለቀ። መዳፏ ላይ አስቀምጣ አየችው፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ጫፉ ላይ ደም ያለበት።

እናንተ ጥርሳችሁ ሲወልቅ የት ነው የምትወረውሩት? ጣሪያ ላይ አይደል? የትርንጎ ጣሪያ ግን አይረጋም፤ ዛሬ እዚህ ነው፣ ነገ እዚያ ነው።

«ጣሪያው ከሄደ ጥርሴ ይወድቃላ» አለች ትርንጎ። «ከወደቀ ደግሞ አዲሱ አይበቅልልኝም። ድዴን ይዤ ልቀር ነው።»

እንግዲያው ለአያቷ፣ ለአባባ ጓንጉል ስልክ ተደወለ። አባባ ጓንጉል የሚኖሩት ወይን አምባ በምትባል ሩቅ መንደር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያቸው አርባ ዓመት ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ትርንጎ ስልክ ስታነሳ ሁልጊዜ የምትለው አንድ ነው። «አባባ፣ አሉ?»

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ አባባ ጓንጉል። እሳቸውም ሁልጊዜ የሚሉት ይሄንኑ ነው፤ ዛሬ ግን ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኗል።

«ጥርሴ ወለቀ አባባ።»

«እሰይ። ይዘሽው ነይ፤ የኔ ጣሪያ ላይ እንወረውረዋለን። እጠብቅሻለሁ።»

ከዚያ አክስቷ እታለም ስልኩን ተቀበለች። «ይመር ወንድሜ» አለችው አባዬን፣ ቀስ ብላ። «አባባ ደክመዋል። እህል አልቀምስ ካሉ አራት ቀናቸው። የምትመጣ ከሆነ ቶሎ ና።»

ትርንጎ ግን ሰምታለች፤ ልጆች በሹክሹክታ ሲወራ ይበልጥ ነው የሚሰሙት።

ጥርሷን በቁራጭ ጨርቅ ቋጥራ ኪሷ ከተተች። ኪሷን መታ መታ አደረገችና «ጥርሴ፣ አለህ?» አለችው።

ራሷው በቀጭን ድምፅ መለሰችለት። «አለሁ፣ አለሁ።»

በሉ እናንተም በሉ። «አለህ?» «አለሁ፣ አለሁ።»

ዳለቻ ተነሳች። ድግድግ፣ ድግድግ፣ ድግድግ።

መጀመሪያው ዳገት ላይ ሽሽሽሽ! ከፊት ለፊት ነጭ እንፋሎት ወጣና መንገዱን ሸፈነው።

የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቷል። አባዬ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደገፈ፤ እማዬ ቅጠል ቆርጣ መንገዱ ላይ ጣለች፣ የሚመጣው መኪና እንዲያይ።

«የአገሩን ጃንጥላ ስትጠግን የራሳችንን ቱቦ ረሳኸው» አለች እማዬ።

«ጃንጥላ አይፈላማ» አለ አባዬ። ቱቦውን በላስቲክ ጠቀለለ፣ ጠቀለለ፣ አሰረ።

ከዚያ ሞተሩ እስኪበርድ ተቀመጡ። ተቀመጡ። ፀሐይዋ ግን አልጠበቀቻቸውም፤ አዘቀዘቀች።

«ጥርሴ፣ አለህ?» «አለሁ፣ አለሁ።» ድግድግ፣ ድግድግ፣ ድግድግ።

ሁለተኛው ዳገት ላይ ጷ! ጎማ ፈነዳ።

አባዬ ጎማውን ሲቀይር መሸ። ሌላ ጎማ ስለሌላቸው በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገቡ ፈሩ፤ መንገድ ዳር አደሩ።

«አባባ ይጠብቁናል?» አለች ትርንጎ።

«እጠብቃለሁ ብለውሻል አይደል?»

«ነገም ይጠብቃሉ?»

እማዬ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

በማግስቱ፣ ሦስተኛው ዳገት ላይ፣ ቀጭ! ዳለቻ እግሯን እንደተሰበረች ላም በአንድ ጎኗ ዘመም አለች።

ይሄኛው የባሰው ነው። ከሥር የሚሸከማት ብረት፣ ባሌስትራው፣ ተሰበረ።

አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ትንሽ ከተማ አደረሳቸው። በከተማዋ ያለው ጋራዥ አንድ ነው፤ የጋራዡም ሰው አንድ ነው፤ ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ።

ጋሽ እንድሪስ በጀርባቸው ተኝተው ዳለቻ ሥር ገቡ። እግራቸው ብቻ ቀረ።

«ተሰብሯል» አለ እግራቸው። «ዕቃው ነገ ይመጣል።»

አይ የጋራዥ ነገ። በማግስቱም «ነገ» አሉ።

«ወደ ወይን አምባ የሚሄድ አውቶብስ የለም?» አለ አባዬ።

«ለገበያ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ» አሉ ጋሽ እንድሪስ። ቀኑ ገና ረቡዕ ነበር።

አባዬ የጋራዡን ግቢ ዞረ። እንደገና ዞረ። እማዬ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ነበር፤ ግን አልሰፋችም።

ትርንጎ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ኪሷን ያዘች። «ጥርሴ፣ አለህ?» «አለሁ፣ አለሁ።»

«ምን ሆነሽ ነው የምታኮርፊው?» አሏት ጋሽ እንድሪስ።

«ጣሪያ እፈልጋለሁ። የሚረጋ ጣሪያ።»

ጋሽ እንድሪስ በመፍቻቸው የዳለቻን ጎን ደበደቡ። ኳ! ኳ! «ከዚህች በላይ የረጋ ምን አለ? ሁለት ቀኗ፣ ንቅንቅ አላለችም።»

ቀልዳቸውን ነው። ትርንጎ ግን አልሳቀችም፤ ነገሩን ልቧ ውስጥ አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ የአባዬ ስልክ ጮኸ። እታለም ነች። ትርንጎ የሰማችው ይሄን ብቻ ነው፤ «ዓይናቸውን አልገልጥም አሉ።»

ትርንጎ ኪሷን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። አባባ ባይጠብቁኝስ? ጥርሴን ማን ይወረውርልኛል?

ዳለቻን ቀና ብላ አየቻት። ዳለቻ ቆማለች። ጣሪያዋም ቆሟል፤ ረግቷል፤ ልክ እንደ አባባ ጣሪያ።

ቋጠሮውን ፈታች። «ጣሪያ፣ ጣሪያ፣ እንካ አሮጌውን፣ አምጣ አዲሱን» አለችና ወረወረችው። ቃ!

ለጥቂት ጊዜ ደስ አላት። ለጥቂት ጊዜ ብቻ።

ምክንያቱም ወዲያው አንድ መኪና ግቢው ገባ፤ ባሌስትራውን ጭኖ። ነገ የተባለው ዕቃ ዛሬ መጣ።

ኳ! ኳ! ኳ! ጋሽ እንድሪስ መቱ፣ አሰሩ፣ ከሥር ወጡ። «በሉ ሂዱ። አባትየውን ይማርላችሁ።»

ዳለቻ ተነሳች። ድግድግ፣ ድግድግ፣ ድግድግ።

ከላይ ደግሞ፣ ከትርንጎ ራስ በላይ፣ ቃ፣ ቃ፣ ቃ። ጥርሱ ይንከባለላል።

መኪናዋ ስትታጠፍ ቃ አለ። ከዚያ ምንም አላለም።

ትርንጎ ባዶ ኪሷን ያዘች። «ጥርሴ፣ አለህ?» ማንም አልመለሰላትም።

«አባዬ፣ አቁም» ልትል አፏን ከፈተች። የአባዬን ፊት በመስታወቱ አየችው፤ ከንፈሩን ነክሷል፣ ጉንጩ ረጥቧል። ከቆምን አባባን አንደርስባቸውም አለች በልቧ፤ አፏን መልሳ ዘጋች።

ወይን አምባ ሲደርሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ጎረቤቶች ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ማንም ጮክ ብሎ አያወራም።

እታለም ትርንጎን አቅፋ ሳመቻት። ፊቷ እንባ እንባ ይላል።

አባባ ጓንጉል ከመጋረጃው ጀርባ ተኝተዋል። ትርንጎ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ አሉ?»

ዝም።

«አባባ፣ አሉ?»

መጋረጃው እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«አባባ፣ አሉ?»

«አለሁ» አለ ቀጭን ድምፅ። «አለሁ። ጥርሱስ?»

ትርንጎ ምን ትበል? እስካሁን የጠበቋት ለጥርሱ ነው። «ይዤዋለሁ» አለች፤ ወደ ደጅም ሮጠች።

ከመሬት ትንሽ ነጭ ጠጠር አነሳች። ወደ አባባ ጣሪያ ወረወረችው። ቋ!

ስትመለስ አባባ ጓንጉል ዓይናቸውን ገልጠው አገኘቻቸው። «ልጄ» አሏት፣ «እኔ እዚህ ጣሪያ ሥር አርባ ዓመት ተኝቻለሁ። ይሄ ጥርስ አይደለም፤ ጠጠር ነው።»

ያን ጊዜ ትርንጎ አለቀሰች። እየተንሰቀሰቀች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጋራዡን፣ የቆመችውን ዳለቻ፣ ቃ ቃ ቃ ያለውን።

«የምትተኚው የት ነው?» አሏት አባባ።

«ዳለቻ ውስጥ።»

«የምትበዪውስ?»

«ዳለቻ ውስጥ።»

«እንግዲያው ጥርስሽን የወረወርሽው ቤትሽ ጣሪያ ላይ ነው። ምን አጠፋሽ?»

«ግን ወደቀ።»

«ቤትሽ የሚሄድ ቤት ነው፤ ጥርስሽም ሄደ። ነይ እስቲ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ትርንጎ አፏን ከፈተች። አባባ ጓንጉል ጣታቸውን በባዶው ድዷ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት።

ቆም አሉ። መልሰው ዳበሱት። «እዚህ ጋ ሻከር ይላል» አሉ። «ብቅ እያለ ነው።»

«የታል? እኔ አላየሁትም።»

«እኔም አላየሁትም። ግን አለ።»

ሳቅ አሉ፤ ከዚያ ደከማቸውና ዓይናቸውን ከደኑ። ትርንጎ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው እንቅልፍ ወሰዳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አባባ ጓንጉል ሞቱ።

ትርንጎ ወደ አልጋቸው ሄደች። አልጋው ባዶ ነው። «አባባ፣ አሉ?» አለች፤ ጠበቀች፤ ረጅም ጊዜ ጠበቀች።

እማዬ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ከእንግዲህ አይመልሱልሽም፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ጭኗ ላይም አስቀመጠቻት።

ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ ሄደ። ብዙ ቀን አለፈና አባዬ የዳለቻን ሞተር አስነሳ። ድግድግ፣ ድግድግ፣ ድግድግ።

የዚያን ዕለት ማታ ትርንጎ አልጋዋ ላይ ሳለች ዝናብ መጣ። ዳለቻ ጣሪያ ላይ ቃ፣ ቃ፣ ቃ፣ ቃ አለ፤ ሺህ ጥርስ የተወረወረ ይመስላል።

ትርንጎ አለቀሰች። እያለቀሰች ምላሷን ወደ ድዷ ላከች።

አንድ ትንሽ፣ ሹል ነገር ምላሷን ነካት። አባባ በጣታቸው ቀድመው ያገኙት ነው።

«ጥርሴ፣ አለህ?» አለች በሹክሹክታ።

«አለሁ፣ አለሁ።»

በሉ እናንተም ምላሳችሁን ወደ ጥርሳችሁ ላኩ። አለ? እንግዲያው ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እኔም እዚሁ አጠገባችሁ አለሁ፣ አለሁ።