ሦስተኛው ገጽ

ሰውየው አሁን የከተማችን ምክትል ከንቲባ ነው። መንገድ ዳር የተሰቀለ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ጥላቻ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ጠልቶ መርሳት ይቻላል። እኔ ግን ሲናደድ የትኛው ጆሮው እንደሚቀላ ሳይቀር አውቃለሁ። ላገባው አንድ ሳምንት ቀርቶኝ ነበር።

ያኔ በፍርድ ቤቱ አጥር ስር፣ ከላስቲክ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ቀጭን ወጣት ጠበቃ የጻፍኩትን ወረቀት ይዞ መጣ።

«እህቴ፣ ይሄን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«‹ሟች ችሎት ቀርበው እንዲያስረዱ ይታዘዝልኝ› ይላል።»

ወረቀቱን ነጥቄ አየሁት። እውነቱን ነው።

«ታዲያ አልመጣም ቢሉስ?» አለ ኮስተር ብሎ።

«በፖሊስ ተይዘው ይቀርባሉ!» አልኩት፣ እፍረቴን የምደብቅበት አጥቼ።

እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃችን ካለቀ በኋላም ከፊቴ አልሄደም፤ ወረፋ የያዙት ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ዓይኑን ከዓይኔ ለማንሳት የቸገረው ይመስል ነበር።

ወር ሳይሞላ ጸሐፊው ሆኜ ቢሮው ገባሁ። ቢሮ ካሉት፣ ከጫማ ሰፊ ቤት በላይ ያለች፣ ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ ማስቲሽ የምትሸት አንዲት ክፍል ናት። የመዝገብ ቁም ሳጥኑ አልዘጋ ስለሚል በወንበር እናስደግፈው ነበር።

የወደድኩት ሲያነብ ነው። ደንበኛ ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያነብለታል። አንድ ሽማግሌ አልገባኝም ካሉት እንደገና ይጀምራል። «ያልገባዎትን አይፈርሙም፣ አባባ» ይላል። እኔ ከኋላ ሆኜ ስሰማው ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ይቆማሉ። ያሳደገችኝ አክስቴ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አንድ ቀን ልታየው መጥታ ስትመለስ፣ «ይሄስ ሰው ነው» አለች። አክስቴ ሰውን እንዲህ አታወድስም።

ኋላ ገበያው ሊፈርስ ነው ተባለ። ቦታው ለፎቅ ተፈልጓል። አክስቴን ጨምሮ አርባ ሴቶች እሱን ጠበቃ አድርገው ያዙ። «ቦታችንን አንለቅም» የሚል ባለ ሦስት ገጽ አቤቱታ አዘጋጀን። መሐላቸው ቆሞ አነበበላቸው፤ ተራ በተራ ሦስተኛው ገጽ ላይ ፈረሙ፤ የከተማው ምክር ቤት ጉዳዩን እስኪያይ ወረቀቱ መዝገባችን ውስጥ ተቀመጠ። በዚያ ክርክር የተነሳ ስሙ ከተማውን ሞላ። የምክር ቤት ምርጫ ሲመጣ እነዚያው ሴቶች በየቤቱ እየዞሩ አስመረጡት።

ያሸነፈ ዕለት ደረጃው ላይ አስቁሞኝ፣ «እዚያ አዳራሽ ብቻዬን መግባት ፈራሁ። አግቢኝ» አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ነበር።

መለወጡን መጀመሪያ ያስተዋልኩት በእጁ ነው። ገበያ ወርዶ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጨብጦ፣ አንዳንዷንም አቅፎ መኪና ውስጥ ገባ። በሩ እንደተዘጋ እርጥብ ሶፍት አውጥቶ ጣቶቹን እየለየ ይጠርግ ጀመር። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም፤ በመስኮት በኩል አሁንም ይስቅላቸዋል።

«ሽንኩርት ሽንኩርት ሸተትኩ እኮ» አለኝ።

እኔ በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ያደግሁት። ግን ሳቅሁለት። ያቺ ሳቄ ዛሬም ትዝ ስትለኝ ራሴን እጸየፋለሁ።

ለሰርጋችን አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢሮ ገብቶ በሩን ዘጋና የገበያ ሴቶቹን መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። በላዩ በራሱ እጅ የጻፈው ረቂቅ አለ።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች በዚህ ቀይሪያቸው። ሦስተኛው እንዳለ ይቆይ።»

ረቂቁን አነበብኩት። ሻጮቹ ምትክ ቦታ እንደሚሰጣቸው ተረድተው በፈቃዳቸው ለመነሳት ተስማምተዋል ይላል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለው «ተነብቦልን፣ ገብቶን ፈርመናል» የሚል አንድ መስመርና አርባ ፊርማ ብቻ ነው። መሐል ላይ የአክስቴ፣ ተንጋዶ።

«ምትክ ቦታው የት ነው?»

«ይታሰብበታል።»

«አንተ እኮ ጠበቃቸው ነህ!»

«አሁን የከተማው ሁሉ ሰው ነኝ። ምክትል ከንቲባነቱ ለእኔ ታስቧል፤ ሰኞ የምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ይሄን ካላቀረብኩ ለሌላ ይሄዳል። የምለፋው ለማን ይመስልሻል? ለኛ እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

ጉንጬን ዳበሰኝ። እጁ ለስላሳ ነበር፣ ሽቶ ሽቶ ይላል። መጸዳጃ ቤት ሮጬ ገብቼ አስመለስኩ። ስወጣ፣ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ብሎ በድንጋጤ ሰዓቱን አየ። አልጽፍም አልኩት። «ጸሐፊ ሞልቷል» ብሎ ረቂቁንና ሦስተኛውን ገጽ ይዞ ወጣ።

ለአክስቴ ነገርኳት። ቲማቲም መልቀሟን አቁማ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ጻፊለት» አለች።

«አክስቴ!»

«እኔ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ልሸጥ ነው? አንቺ ትዳርሽን ያዢ። እኔ የትም እቀመጣለሁ።» ፊቷን አዙራ የበሰለውን ካልበሰለው ጋር ትደባልቅ ጀመር።

ከሁሉ በላይ የተጸየፍኩት ያኔ ነው። ከሰላሳ ዓመት ቦታዋ ለእኔ ብላ እንድትነሳ አደረጋት፤ እሱ ምንም ሳይላት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ የቀሩትን ሁለት ገጾች ይዤ ገበያ ወረድኩ። የፈረሙበትን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ከፊርማቸው በላይ ሊቀጠል ያለውን ነገርኳቸው። አክስቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታየኛለች።

«ልብስ እንቀይር ወይስ እንዲሁ እንሂድ?» አለች ጎመን ሻጯ።

«እንዲሁ!»

ሽርጣቸውን እንዳሸረጡ የምክር ቤቱን አዳራሽ ሞሉት። እሱ ቆሞ ወረቀቱን እያቀረበ ነበር። ጎመን ሻጯ ከመሐል ተነስታ፣ «ፊርማው የኛ ነው፤ ከላይ ያለው ቃል ግን የኛ አይደለም» አለች። ጆሮው ሲቀላ አየሁት። የሚለው ቢጠፋው፣ ቢያፍር፣ ወረቀቱን ቢቀደው ብዬ በልቤ ለመንኩለት።

ማይክሮፎኑን አቀረበና፣ «የጸሐፊዬ ስህተት ነው። አጣራለሁ» አለ። በእጁም ጠቆመኝ።

ገበያው አልፈረሰም። እሱም ቢሆን ሹመቱን በሦስተኛው ወር አገኘ።

የስብሰባው ዕለት ከሰዓት ቤታችን መጥቶ ነበር። አክስቴ ወንበር አቀረበችለትና ወደ ጓዳ ገባች። ተቀምጦ ጉልበቱን ያሻሻል። እውነቱን ልናገር፣ ይቅርታውን እጠብቅ ነበር። አንዲት ቃል ቢናገር ኖሮ እመለስ ነበር። ይሄን ሳወራ ራሴ ይቀፈኛል፣ ግን እመለስ ነበር።

«የጥሪ ካርዱ ተበትኗል» አለ በመጨረሻ። «ለሰው ምን እንበል?»

«ምን እንበል?»

«አስቤበታለሁ። ታማለች ብንልስ? ለአንቺም ክብር ነው፣ ለእኔም አያስወራም።»

ችሎት ፊት ቆሞ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው በጭንቀት ያየኛል።

«በል» አልኩት። «ታማለች በላቸው። ውሸትም አይደለም።»

እፎይ አለ። «አንቺ እኮ ሁሌም ነገር ይገባሻል» ብሎ ተነሳ፤ ሊስመኝ ጎንበስ ሲል በሩን ከፈትኩለት።

ከሄደ በኋላ አክስቴ ከጓዳ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ገበያው ነው የማለቅሰው አልኳት። ጀርባዬን አሸችኝ። ያለቀስኩት ለእሱ ነበር።