ዘጠና ስድስት ዲግሪ

በእኛ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ደንበኛ የሚጠራው በማሽኑ ሕመም ነው። ሻይ የደፋችው፣ ማጠፊያው የላላበት፣ የይለፍ ቃሉን በየሳምንቱ የሚረሳው የሒሳብ መምህር፤ አባቴ ሌላ ስም አያውቅላቸውም። አንዱን ወጣት «ዘጠና ስድስት» ያልነው በመጣበት ቀን ግራፊክስ ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ ዘጠና ስድስት ዲግሪ ስለደረሰ ነው። ለጌም የተሠራ፣ ወፍራም፣ ቁልፎቹ ሥር ቀይ መብራት ያለው ላፕቶፕ ነበር። ማራገቢያው ሲጮህ አባቴ ከወንበሩ ቀና ብሎ አየን።

«ጌም ታበዛለህ?» አልኩት።

«የቤት ንድፍ ነው የምሠራበት።»

«ጌምስ?»

«አልጫወትም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንህም።»

«እንግዲያው እጫወታለሁ» አለና ሳቀ። ሳቁ አጭር ነው፤ ሲጨርስ ግን ዓይኑን አይነቅልም። ካቻቢቴዬን አንስቼ ብሎኖቹን መፍታት ጀመርኩ። ሥራ ላይ ብሎን አያመልጠኝም፤ ያን ቀን ሁለት አመለጠኝ።

ውስጡ አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር። ሙቀት አስተላላፊው ቅባት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፤ ሙቀቱን ከካርዱ ወደ ብረቱ የሚያሻግረውን ለስላሳ ንጣፍም ቀየርኩ። እሱ ወንበር ስቦ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ለምንድን ነው እያለ ይጠይቀኛል። የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ መልሱን የሚሰማ ግን ጥቂት ነው። ጥቂት ደቂቃ ሞክሬ፣ ቀዝቅዟል ብዬ ሰጠሁት።

ከአባቴ ወንበር ጀርባ «የተመላሽ መደርደሪያ» የምንለው አለ። በአንድ ወር ውስጥ በዚያው ሕመም የተመለሰ ማሽን እዚያ ይቀመጣል፤ ከፊቱም የጠጋኙ ስም በወረቀት ይለጠፋል። ማሽኑ ቢወጣም ወረቀቱ ወሩ እስኪያልቅ አይነሳም። ሦስት ወረቀት የሞላበት ካቻቢቴውን አስቀምጦ መቀበያው ላይ ይቆማል፤ አበቃ። አባቴ ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ባለፈው ዓመት ዓይኑ ሲደክም ሦስቱ የሞላበትም ራሱ ነው። ያን ቀን ማንም ሳይናገረው ከጠረጴዛው ተነሳ። ጠረጴዛውም ሱቁም ለእኔ ይሁን ወይስ ለአጎቴ ልጅ ገና አልወሰነም። «የዚህን ወር ሥራሽን ልየው» ብሎኝ ነበር። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የተመኘሁት የእሱን ጠረጴዛ ነው።

ዘጠና ስድስት በአራተኛው ቀን ተመለሰ።

ስከፍተው አዲሱ ንጣፍ ላይ ያለው ስስ ላስቲክ አልተላጠም። ከመለጠፉ በፊት የሚነሳ ላስቲክ ነው፤ ጀማሪ እንኳ አይረሳውም። እኔ ረሳሁት፤ ምክንያቱን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ላስቲኩን ልጬ ኪሴ ከተትኩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ አባቴ ከወዲያ።

«ቅባቱ አልያዘ ኖሯል፣ አባዬ።»

አባቴ ስሜን ጽፎ መደርደሪያው ላይ ለጠፈ።

በሳምንቱ እንደገና መጣ። «ይሞቃል» አለ፣ ፊቱ ግን የተቸገረ ሰው ፊት አይመስልም። ፈታሁት፣ ነፋሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ። ሰበብ ሳጣ ሙቀቱን ደቂቃ በደቂቃ የሚመዘግብ ፕሮግራም ጫንኩበት። ነግሬዋለሁም። እሱ ግን ያን ሰዓት ለእናቱ የሚሠራትን ትንሽ ቤት ንድፍ እያሳየኝ ነበር።

«መስኮቱን የት ባደርገው ይሻላል?» አለኝ።

«እናትህ ቀን ቀን የት ነው የምትቀመጠው?»

ከንድፉ ቀና አለ። «ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም» አለ፣ ቀስ ብሎ። ምን እደብቃለሁ፣ የበሩ ደወል ሲጮህ እሱ በሆነ እያልኩ ቀና ማለት ጀምሬ ነበር። ሁለተኛው ወረቀት ሲለጠፍ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ሦስተኛ ጊዜ የመጣው ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ነው። የሒሳብ መምህሩ የይለፍ ቃሉን ረስቶ ወረፋ ይጠብቃል። አባቴ ማሽኑን አይቶ ወረቀትና ማጣበቂያ አወጣ።

የሙቀቱን መዝገብ ከፈትኩት። ስምንት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ እየሠራ፣ ሙቀቱ ከሰባ ሁለት አላለፈም። በዘጠነኛው ቀን፣ ሱቃችን ከመግባቱ አርባ ደቂቃ በፊት፣ ዘጠና ሰባት ገባ። የአየር መውጫውን በመብራት አየሁት፤ ሰማያዊ የሱፍ ብናኝ ተሰክቶበታል።

«ብርድ ልብስህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አልኩት።

«ሰማያዊ። ምነው?»

ከዚያ ገባው። ጆሮው ቀላ።

«ጠቅልለህ ነው የምታሞቀው? እንደ በሽተኛ?»

«አንቺን...» ብሎ አቆመ። «ሌላ ምን ብዬ ልምጣ?»

ደሜ ፈላ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ መደርደሪያውን አሳየሁት፤ ሁለቱን ወረቀት፣ አባቴ እጅ ላይ ያለውን ሦስተኛውን። ሦስት ሲሞላ ምን እንደሚሆን ነገርኩት። ሱቁን ለማን ለመስጠት እንደታሰበም ነገርኩት። እኔን ለማየት ብሎ ያሞቀው የእኔን ጠረጴዛ ነበር።

ፊቱ አመድ መሰለ። ሰበብ አልደረደረም፤ ቀጥ ብሎ አባቴ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ማሽኑን ሆን ብዬ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ያሞቅኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ ማጣበቂያውን አስቀመጠ። «ስንት ጊዜ?»

ወረቀቶቹን አየ፣ እኔን አየኝ። «ሦስቱንም ጊዜ» አለ።

«ለምን ሲባል?»

የሒሳብ መምህሩ እንኳ ወረፋውን ትቶ ቀረበ። «ልጅዎን ለማየት» አለ ዘጠና ስድስት።

ዝም ብል አልቆልኛል። መደርደሪያው ይጸዳል፣ ጠረጴዛው የእኔ ነው፣ የሚጠረጥረኝም የለም። ግን ያ ሰው እኔ በሠራሁት ጥፋት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። የመጀመሪያው የእሱ እንዳልሆነ ደግሞ ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሁለቱን ነው፣ አባዬ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ። «የመጀመሪያው የእኔ ነው። የንጣፉን ላስቲክ ሳልልጥ ገጥሜው ነበር። ቅባቱ ነው ያልኩህ ዋሽቼ ነው።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «ኪስሽ ስትከቺው አይቻለሁ።»

«አይተሃል?»

«ዓይኔ የደከመው ለቅርቡ ነው። ለሩቁማ ምን አለብኝ?» ተነስቶ ሁለተኛውን ወረቀት ቀደደ፤ ሦስተኛውንም ባዶውን ቀደደው። አንዱን፣ የላስቲኩን፣ ተወው። «ይቺ ወሩ እስኪያልቅ ትቆያለች። ከዚያ የሱቁን ቁልፍ ትረከቢያለሽ። ዛሬም ዝም ብትዪ ኖሮ ለአጎትሽ ልጅ ደውዬ ነበር።» ቀላል ነገር እንደሚናገር ነው ያለው። እኔ ግን ወንበሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

አባቴ ወደ ዘጠና ስድስት ዞረ። «አንተ ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ሱቅ ማሽን ይዘህ እንዳትመጣ።»

«እሺ ጋሼ» አለ። ላፕቶፑን ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። አንዴም ዞር አላለም።

አባቴ ወደ በሩ በአገጩ ጠቆመኝ። «መምህሩን እኔ አስተናግዳለሁ» አለ።

መንገዱ ዳር ደረስኩበት። ሰው እየገፋን ያልፋል። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ከመሀሉ አንዱ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ተቀይመሽኛል» አለ።

«በጣም።»

«ልክ ነሽ። ጠረጴዛሽን ሊያሳጣሽ እንደሚችል ባውቅ ኖሮ አላደርገውም ነበር።»

«ባታውቅስ? ለምን ዝም ብለህ አልመጣህም?»

«ዝም ብሎ የመጣ ሰው ሱቅ ገብቶ ምን ይላል?»

«እንደምን ዋልሽ ይላላ!» አልኩት፣ አሁንም በንዴት።

ትንሽ አሰበ። ላፕቶፑን ከብብቱ አውጥቶ የሱቁ ደረጃ ላይ አስቀመጠው። አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደ፣ ዞረና ባዶ እጁን እንደ አዲስ ሰው ወደ እኔ መጣ። ጆሮው አሁንም ቀይ ነው።

«እንደምን ዋልሽ?» አለኝ።

ሳቄን ለመያዝ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

«ደህና» አልኩት። «አንተስ?»