የባህሩ የመጨረሻ መግቢያ

ባህሩ የተገኘው ከሕንፃው ጀርባ፣ በሁለት ሮቶዎች መካከል፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከቀትር ጀምሮ ንፋሱ የጣራውን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጭ ስለዋለ፣ ከአራተኛ ፎቅ ሰው ሲወድቅ የሰማ የለም። ኢንስፔክተር ዘርፈሽ ቁጢጥ ብላ ከራሱ ሥር የፈሰሰውን ደም አየች። ደሙ ላይ ቀይ አቧራ ተጋግሮበታል።

«ንፋሱ መቼ ጋብ አለ?» ስትል ዘበኛውን ጠየቀች።

«ዐሥር ሰዓት ገደማ። ከዚያ ወዲህ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።»

ዘርፈሽ ሰዓቱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እሷ ማስታወሻ ስትይዝ አብረዋት የሚሠሩ ፖሊሶች ደስ አይላቸውም፤ አንድ ሰው ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት ነው።

ባህሩ «ዳገት» በምትባል የጂጂጋ መጽሔት ላይ ፊቸር ጸሐፊ ነበር። ዜና አይወድም። የሚወደው ሰው ዘንድ ሄዶ ቀናት ተቀምጦ፣ የዚያን ሰው ኑሮ አንባቢ ከጀመረው እንዳያስቀምጠው አድርጎ መጻፍ ነው። ሲጽፍ አራተኛ ፎቅ፣ ጣራው ላይ ባለችው ክፍሉ ይዘጋል፤ ያኔ በሩን የሚያንኳኳ ወዮለት።

ያን ቀን ከባህሩ ሌላ ቢሮ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዋና አዘጋጁ ሰይፈ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከቢሮ ውጭ አንድ ስብሰባ ላይ፣ ሃምሳ ሰው መሀል ተቀምጧል። ፎቶ አንሺውና ገጽ አቀናባሪው ደረጄ ዐሥር ሰዓት ላይ የቶጎጫሌ ሚኒባስ ተሳፍሯል። ሪፖርተርና የሶማሊኛ አስተርጓሚ የሆነችው ኒምኮ ብቻ እስከ ማታ ቢሮ ነበረች። ከባህሩ ቴሌግራም ያለቀ ጽሑፍ ለሰይፈ የተላከው ደግሞ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሬሳውን አገኘሁ ብላ የጮኸችው ኒምኮ ናት። ጠዋት ከባህሩ ጋር ስትጨቃጨቅም ተሰምታለች።

የዘርፈሽ አለቃ ይኼን ሁሉ ሰምቶ «በቃ፣ ተገኘች» አለ። የአቧራውን ነገር ስትነግረው ሳቀባት። ኒምኮ የዚያኑ ዕለት ታሰረች፤ በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ሆነ።

ዘርፈሽ ገና በማለዳ ጣቢያ አስጠራቻት። ልጅቷ አልተኛችም፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አልናገርም።»

«ሰው ገድለሻል እየተባልሽ ነው እኮ።»

«ለኤዶ ዐርዶ ምያለሁ። የሷን ነገር ለማንም አላወራም።»

ዐርዶ የባህሩ ጽሑፍ ባለታሪክ ናት፤ አዲጋላ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። ኒምኮ «ኤዶ» የምትላት እንደ አክስት አክብራት ነው። ዘርፈሽ መሐላውን አልነካችም። የተላከውን ጽሑፍ አሳትማ ይዛ ነበርና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት።

«እሺ፣ ይቺን ብቻ አንብቢልኝ። መግቢያዋን።»

ኒምኮ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች፦ «ከዛገው ሐዲድ ማዶ ዐርዶ ማንቆርቆሪያዋን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ ለመንገደኛው ሻይ ትቀዳለች…» እዚህ ላይ ቆመች። ወረቀቱን ደግማ አየችው።

«ይኼ የባህሩ አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«እኛ ጋ ለእንግዳ በግራ እጅ አይቀዳም፤ ነውር ነው። ኤዶ ዐርዶ ደግሞ ግራኝ አይደለችም። እኔና ባህሩ ሦስት ቀን ሙሉ ከእጇ ጠጥተናል። ባህሩ እዚህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ያላየውን አይጽፍም።»

ዘርፈሽ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ቢሮው ሄደች። ሌሊቱን ከቶጎጫሌ የተመለሰው ደረጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲጋራ በሲጋራ ያቀጣጥላል።

«የአዲጋላዋን ሴትዮ ፎቶ ማን ማን አይቶታል?»

«ያነሳሁትን እንዳለ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባህሩ ጽፎ ሳይጨርስ ፎቶ ማየት አይወድም። ለጋሽ ሰይፈ ግን የገጹን ናሙና አትሜ ሰጥቻቸዋለሁ።»

«እስኪ ሁለቱንም አሳየኝ።»

አሳያት። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ አዲጋላ ስልክ ደወለች።

ቀጥላ በገባችበት የሰይፈ ክፍል ግድግዳ ላይ መስታወት የተገጠመለት የመጽሔት ገጽ ተሰቅሏል። ሰይፈ የተሸለመበት ጽሑፍ ነው።

«አዲጋላ ሄደው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ከስድስት ዓመት በፊት። ይኼን የጻፍኩት እዚያ ሄጄ፣ ዐርዶን አነጋግሬ ነው።» ወደ ግድግዳው ጠቆመ። «ባህሩ የኔን ፈለግ ተከትሎ ነው የሄደው፤ ነፍሱን ይማረው።»

«ጥሩ ጽሑፍ ነው?»

«ሰው አንብቦት አልቅሷል፣ ኢንስፔክተር። ፊቸር ማለት ይኼ ነው።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኒምኮን ሁለት ፖሊሶች ካቴና እንዳደረገች አመጧት። ከአዲጋላ በመኪና የመጣችው ዐርዶ ጥግ ላይ ተቀምጣ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ ታያለች። ሙቀቱ ሳይሆን ሌላ ነገር ክፍሉን አፍኖታል።

ዘርፈሽ ድምፅዋን ሳታነሳ ጀመረች።

«ደሙ ሳይደርቅ አቧራ ለብሷል። አቧራው ከንፋሱ ጋር የቆመው ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ባህሩ የወደቀው ከዚያ በፊት ነው። የሞተ ሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጽሑፍ አይልክም። ቴሌግራም ላይ ግን መልእክቱ የሚሄድበትን ሰዓት አስቀድሞ መሙላት ይቻላል። ይኼን ያደረገ ሰው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዚህ ርቆ ሊታይ ፈልጓል። ኒምኮ ብትሆን፣ እሷ ብቻዋን ቢሮ የቀረችበትን ሰዓት ለምን ትመርጣለች?»

ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች።

«ደረጄ፣ ፎቶው ላይ ዐርዶ በየትኛው እጇ ነው የምትቀዳው?»

«በቀኟ። ገጹ ላይ ግን ፊቷ ወደ ውጭ ዞረብኝ፤ ወደ ጽሑፉ እንዲያይ ብዬ ፎቶውን እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ገለበጥኩት። ሁሌ የምናደርገው ነው።»

«ሲገለበጥ ቀኙ ግራ ሆነ። ባህሩና ኒምኮ ሴትዮዋን በዓይናቸው አይተዋል፤ አይሳሳቱም። አንተ የገለበጥከው ራስህ ነህ፤ አትሳሳትም። ያቺን መግቢያ የጻፈው የተገለበጠውን ናሙና ብቻ ያየ፣ ዐርዶ ሻይ ስትቀዳ አንድ ቀን እንኳ ያላየ ሰው ነው።»

ሰይፈ ከወንበሩ ተነሳ። «ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሰው ይረሳል። በየትኛው እጇ እንደምትቀዳ ላስታውስ ነው?»

«ይቀመጡ።»

በዚህ መሀል ዐርዶ ለኒምኮ በሶማሊኛ አንድ ነገር አለቻት። ኒምኮ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከመሐላሽ ፈትቼሻለሁ፣ ተናገሪ፤ ያን የጻፈው ሰውዬ ይኼ ነው ወይ እያለች ነው» አለች፤ ቀጥላም በታሰረ እጇ ወደ ሰይፈ ጠቆመች። «ኤዶ ይኼን ሰው አይታው አታውቅም። ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ጽሑፍ ግን፣ ኮንትሮባንድ የሚያሳልፉ ሰዎች ዕቃቸውን አሮጌው ጣቢያ እንደሚደብቁ ዐርዶ ነገረችኝ ይላል። አላለችም። ሰውየው ስሟን ከሰው ሰምቶ እዚሁ ተቀምጦ ነው የፈጠረው። መጽሔቱ አዲጋላ በደረሰ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ልጇን ሐዲዱ ላይ በጩቤ ተወግቶ አገኘችው። ባህሩ ይኼን ሊያወጣ ነበር። እኔ ደግሞ ስሟን አታውጣ፣ ኮንትሮባንዲስቶቹ አሁንም ይመጡባታል ብዬ ለመንኩት። ጠባችን ይኼ ነው።»

«የተላከው ጽሑፍ ውስጥ ግን ስለ ልጁ አንድ መስመር የለም» አለች ዘርፈሽ። «ባህሩ ጽፎት ነበር፣ አቶ ሰይፈ። ወደ ስብሰባው ከመሄድዎ በፊት ወደ ክፍሉ ወጡ፤ እንዲተወው ለመኑት፤ እንቢ አለ። ከገፈተሩት በኋላ በወንበሩ ተቀምጠው ያን ክፍል ሰረዙ። መግቢያው ይጠቅሰው ነበርና እሱንም አጠፉ፤ በቦታው ናሙናውን እያዩ አዲስ ጻፉ።»

ሰይፈ ተመልሶ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ተለውጦ ነበር። «ያን ጽሑፍ ስንት ሺ ሰው አንብቦታል። ስንቱ ነው ለዚያች እናት ያዘነው…»

ዘርፈሽ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች። የኒምኮ ካቴና ተፈትቶ ወደ ሰይፈ እጅ ዞረ። ኒምኮ አንጓዋን እያሻሸች ከዐርዶ አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ዘርፈሽ። «የልጁ ስም ማን ነበር?»

ሰይፈ ዓይኑን ወደ ካቴናው መለሰ። ዐርዶ ጥያቄውን ማንም ሳይተረጉምላት ገባት።

«ዋሪስ» አለች።