ተጋድሞ የሚካሄድ ስብሰባ

«እግርሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ፣ የኔ ልጅ፤ ልጋደም ነው» አሉ አቶ ዌንደል ትራሳቸውን እያመቻቹ።

ማርሊ እግሯን ሰበሰበች። የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ወለል ላይ ስድስት ሰው ተዘርግቷል። ስብሰባ የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው። እሷ የጠበቀችው ክብ ሠርተው የሚላቀሱ ሰዎችን ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስለዚህ የሕሙማን ቡድን ለእናቷ የነገረቻት ጊዜም ሄዳ ለማየት ብዙ አቅማምታለች። እዚህ ግን ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ምን እንደሆነ፣ ተኝተው ቢነሡም የማይለቅ ድካም ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ሁሉም ያውቁታል።

አቶ ዌንደል ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና እህል ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የልጃቸውን ሠርግ የታደሙት የቤተ ክርስቲያኑ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ነው። ቄሱ ሲያዩአቸው የሞቱ መስሏቸው ቃለ መሐላውን አቋረጡ አሉ። ማርሊ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ!

ሳቋ ሲበርድ ቴጋን ትዝ አለቻት። የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ቅዳሜ ከባንዷ ጋር በበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ ትዘፍናለች። ማርሊ እመጣለሁ እያለች ስንቴ ቀርታባታለች፤ አንዴ ፈተና፣ አንዴ እንግዳ እያመካኘች። ቴጋን ትናንት ቁርጡን ነገረቻት፦ ቅዳሜም ከቀረሽ ሁለተኛ እንዳትደውዪልኝ።

ይህንኑ ለአቶ ዌንደል አጫወተቻቸው።

«ከዝግጅቱ ምን ያህሉን ትችዪዋለሽ?» አሏት።

«አንድ ዘፈን። እሱንም ተጋድሜ።»

«ታዲያ ይህን ነግረሻታል?»

አልነገረቻትም። ቴጋን እንደ በሽተኛ እንዳታያት ፈርታ ነው።

ከስብሰባው ወጥተው እናቷ መኪናውን ስታስነሳ ማርሊ ለቴጋን ደወለች። የፈተናውን ውሸት፣ አልጋ ላይ የሚያልፉትን ቀናት፣ ሞቱ የተባሉትን አቶ ዌንደልን ሳይቀር አንድ በአንድ ዘረገፈችው።

«በናትሽ፣ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አለች ቴጋን። «ፍራሽ እኔ አመጣለሁ። የቱን ዘፈን ነው የምትሰሚው?»

ማርሊን ከደስታዋ ብዛት እንባ እንባ አላት። ረጅሙን፣ አብረው የደረሱትን ልትላት ከጀላት።

«አጭሩን» አለች። «እሱን እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።»